ወፍጮው የማን ነው?

አዲስ አበባ ላይ አንድ ወጣት «ሥራ ልጀምር ነው» ሲል ድሮ የሚጠየቀው «ዋስ አለህ ወይ?» ተብሎ ነበር። ዛሬ ጥያቄው ተቀይሯል፤ «ኢንቨስተር አገኘህ ወይ?» ሆኗል። ልጁም «ፒች ላደርግ ነው» ይላል። ፒች ማለት፣ ነገሩ ላልደረሳችሁ ልንገራችሁ፣ ዳኞች ፊት ቆሞ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስላይድ እያገላበጡ ሐሳብን መሸጥ ነው። መጥፎ ነገር አይደለም። ቢያንስ ወጣቶቻችን ደፍረው መናገር እየለመዱ ነው። ዳኞቹ ግን አንዲት የማትቀር ጥያቄ አለቻቸው፤ «መውጫችሁ የት ነው?» የምትል። የአዳራሹን በር ማለታቸው እንዳይመስላችሁ። ገንዘቡን ያስገባው ሰው በአምስትም በሰባትም ዓመት ድርሻውን በብዙ እጥፍ ሸጦ የሚሄድበትን መንገድ ማለታቸው ነው።

እኔ ይህቺ ጥያቄ ታስጨንቀኛለች። ለጠያቂዋ ልክ ናት፤ እሱን አልክድም። ችግሩ ግን ለመውጣት ሳይሆን ለመቆየት የሚቋቋሙ ድርጅቶችም መኖራቸው ነው። የቀበሌ ወፍጮ አለ፣ የገበሬዎች እህል መጋዘን አለ፣ የመንደር እንግዳ ማረፊያ አለ። እነዚህም ማትረፍ አለባቸው፤ ካላተረፉ ይዘጋሉ። የተቋቋሙት ግን አካባቢያቸውን ለማገልገል እንጂ አንድ ቀን ተሸጠው ሰው ለማበልጸግ አይደለም። ታዲያ ለእንዲህ ያሉት ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ስለ ሥራ ፈጠራ በየአዳራሹ ስንት ነገር ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን የእንጀራ ልጅ ሆኖ ቀርቷል።

መጀመሪያ ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ እንየው። ዘመናዊ መልኩን የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። የሐርቫርዱ መምህር ጆርጅ ዶሪዮ ከባልደረቦቹ ጋር ባቋቋመው ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1957 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለተባለ ጀማሪ የኮምፒውተር ድርጅት 70 ሺህ ዶላር አስገባ። ያቺ 70 ሺህ ዶላር ከጊዜ በኋላ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረች። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ ሒሳብ በዚህ ዓይነት ዕድል ላይ የቆመ ነው። አንድ ፈንድ ገንዘብ ይሰበስብና በአሥር፣ በሃያ ድርጅቶች ላይ ይበትነዋል። አብዛኞቹ እንደሚከስሩ አስቀድሞ ያውቃል። አንዱ ወይም ሁለቱ ግን ሠላሳ፣ ሃምሳ እጥፍ ሆነው የሌሎቹን ኪሳራ ይሸፍናሉ። ፈንዱ ራሱ ዕድሜ አለው፤ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት። አሥር ዓመቱ ሲሞላ ገንዘቡን ላዋጡት ሰዎች መመለስ አለበት።

እንግዲህ አስቡት። በዚህ ሒሳብ ውስጥ በዓመት አሥርና አሥራ አምስት በመቶ እያተረፈ፣ ሃያ ሰው ቀጥሮ፣ ሳይሰፋም ሳይጠብም ሠላሳ ዓመት የሚኖር ድርጅት ምን ይባላል? ውድቀት ይባላል! ለእኔና ለእናንተ ግን ይህ ድርጅት በረከት ነው። የሁለታችን ሚዛን የተለያየ ነው።

በዚህ ላይ የውጭው ገንዘብ በዶላር ገብቶ በዶላር መውጣት ይፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በብር አትርፎ በዶላር ለሚቆጥር ባለ ገንዘብ ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ነው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሲመጣ ከድሮው የበለጠ እጥፍ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ያገራችን ተረት በዶላር ዘመንም ይሠራል።

አሁን ይህን ሚዛን ይዘን ኮን እንሂድ።

ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ከጋሸና ተነስቶ በወገል ጤና በኩል ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ። ደጋ ናት። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላውና ምስሩ፣ በጉም የዚያ አገር ሀብት ነው። የቤተ ክህነት ሰዎች ደግሞ ዋድላን የሚያውቋት በቅኔዋ ነው፤ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ተብለው ከሚጠሩት ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዷ ናትና። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። እኔም ነገሩን በቅኔ ዓይን ሳየው ቬንቸር ካፒታልም ሰምና ወርቅ አለው እላለሁ። ሰሙ «አብረን እንሥራ» ነው፤ ወርቁ «መቼ ትሸጥልኛለህ?» ነው። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የፈረመ ወጣት ወርቁን የሚያገኘው ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው።

ቅኔ ቤት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያ ትምህርት ቤት ለዘመናት የኖረው ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ የአገሩ ሰው ከሌማቱ ቆርሶ ሰጥቶት ነው። «ይህ ቤት መቼ ያተርፍልናል?» ያለ ባላገር አልነበረም። ትርፉ የት እንዳለ ያውቀው ነበራ!

አሁን ለነገሩ ያህል የኮን ልጆች ተሰባስበው ወፍጮ እንትከል፣ ገብሱንም በሶና ቆሎ አድርገን አሽገን እንሽጥ አሉ እንበል። ፒች ቢያደርጉ ዳኞቹ የሚጠይቋቸው «ስኬል ያደርጋል ወይ?» ብለው ነው። ይሰፋል ወይ፣ መቶ ቦታ ይባዛል ወይ ማለታቸው ነው። እውነተኛው መልስ «አይ፣ አያደርግም» ነው። የወፍጮ ገበያ ልኩ የአህያ እርምጃ ነው። እህሏን በአህያ ጭና በግማሽ ቀን ደርሳ መመለስ የምትችል ሴት ደንበኛ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ያለችው ደንበኛ አይደለችም። ይህን ወፍጮ ሃምሳ እጥፍ እንዲያተርፍ ማድረግ የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የማስፈጫውን ዋጋ በመጫን። ያን ጊዜ ወፍጮው ኮን ላይ የቆመ የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

«ታዲያ ብድር አለላቸው አይደል እንዴ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አለ። ለአማራ ክልል ገጠር ብድርን ያደረሰው አብቁተ ነው፤ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀምሮ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አገኘ። መያዣ የሌለውን ገበሬ በቡድን ዋስትና አበደረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጸደይ ባንክ ሆነ። ይህን ውለታ የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ብድር ግን ብድር ነው። ኮን በግ ተራ ላይ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት ነገሩን እኔ በሁለት ገጽ ከማስረዳው ይልቅ በአጭሩ ጨረሱልኝ።

«አባቴ፣ ብድር ወስደው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ብድርማ ወስደናል» አሉ። «ክፉ አይደለም። ግን ልጄ፣ ብድር የበጓን መሞት አይሰማም።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ርቢ ነዋ! ርቢ በጓ ስትሞት አብሮ ያዝናል።»

ርቢን የከተማ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። በወሎ ገጠር የቆየ ውል ነው። ከብት ወይም በግ ያለው ሰው ለሌለው ይሰጠዋል። ተቀባዩ ያሰማራል፣ ይቀልባል፣ ይጠብቃል። እናቲቱ የባለቤቷ ሆና የሚወለደውን ይካፈላሉ። የድርሻው ልክ እንዳገሩና እንደ ስምምነቱ ይለያያል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ከብቷ በበሽታ ወይም በድርቅ ብትሞት ተቀባዩ ዕዳ የለበትም። ሰጪው ከብቱን አጣ፣ ተቀባዩ ልፋቱን አጣ፣ በቃ። ክረምቱ ጥሩ ሲሆን ሁለቱም ያገኛሉ፤ ሲከፋ ሁለቱም ያጣሉ። «በስንት ዓመት ትወጣልኛለህ?» የሚል ጥያቄ የለም። የዘመኑ የፋይናንስ ሊቃውንት «ከገቢ ድርሻ የሚከፈል ኢንቨስትመንት» እያሉ በሌላው ዓለም የሚያስተምሩት ነገር እኮ ከዚህ እጅግም የራቀ አይደለም።

ርቢን ገነት አድርጌ እየሳልኩት አይደለም። ባለ ብዙ ከብቱ ሰው በሌላው ጉልበት እየበለጸገ፣ ድሃው ዕድሜ ልኩን የሰው ከብት ጠባቂ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ትምህርቱ ግን ሊጣል አይገባም። ገንዘብ አደጋን ሊካፈል ይችላል፤ ለዚያ ግን ድርጅቱን መዋጥ አያስፈልገውም።

ሌላው የምንኮራበት እቁብ ነው። እቁብ ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ፣ በዋስና በይሉኝታ ብቻ ብዙ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የቸገረው ሰው ሲኖር ዕጣ የሚለቅለት አለ። የስንቱ ሱቅና ታክሲ የተገዛው በእቁብ ነው! እንከኑ ግን ግልጽ ነው፤ የእቁብ ገንዘብ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በግለሰብ ኪስ ነው። ሰባት መቶ ሳምንት ቢጣል እቁቡ እንደ እቁብ አንድ ወፍጮ አይኖረውም። እድር ደግሞ፣ ወሎ ላይ ቅሬ የምንለው፣ የጋራ ንብረት አለው፤ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው። አንዱ ቅሬ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይኖራል። ድንኳኑን ሸጠን እንካፈል የሚል አባል የለም። ቢኖር ጉድ ይባላል። እንግዲህ ንብረትን በጋራ ይዞ ሳይሸጡ መኖርን የምናውቅ ሕዝብ ነን ማለት ነው። ይህን ዕውቀት ግን ለቀብር ብቻ አደረግነው። ሟችን ለመሸኘት እንደምናዋጣው ሁሉ ለሕያው ልጃችን ሥራ ለመፍጠር ብናዋጣ ምን ነበረበት?

«እሱማ አክሲዮን አለ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በ1986 ዓ.ም. የባንክ ሥራ ለግል ባለሀብት ሲፈቀድ በማግስቱ፣ በ1987፣ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ተቋቋመ። አንድም የውጭ ባለ ገንዘብ ሳይኖርበት። ያ ነገር የኢትዮጵያውያንን ዓይን ገለጠ። ከዚያ ወዲያማ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ አክሲዮን የማይሸጥበት ጋዜጣ ጠፋ! ሲሚንቶ ነው፣ ቢራ ነው፣ ሪል እስቴት ነው፣ ማዕድን ነው፣ ምን ያልነበረ አለ? ከፊሉ ፋብሪካ ሆኖ ቆመ። ከፊሉ ጠቅላላ ጉባኤ እንኳ ሳይጠራ ቀረ። የአክሲዮን ወረቀቷን በሣጥኗ አስቀምጣ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች የምትኖር ስንት እናት አለች!

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ተስፋ አልቆረጠም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ከ140 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን ይዞ ነው የተነሳው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮን ሲሸጥ ዝቅተኛው መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ 47,377 ሰው ገዛ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ስለዚህ «ሕዝቡ ገንዘብ የለውም» የሚለው ወሬ አያስኬድም። ገንዘቡ አለ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ወዴት ይሄዳል? ወደ አዲስ አበባ ነዋ! የኮን ነጋዴ የባንክ አክሲዮን ሲገዛ ገንዘቡ ተሳፍሮ ሸገር ይገባል። ባንኩ የሚያበድረው መያዣ ላለው ነው፤ መያዣ ያለው ደግሞ ከተማ ሕንጻ ያለው ሰው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ለነጋዴው ትንሽ የትርፍ ድርሻ ይመለስለታል። ኮን ግን አሁንም ወፍጮ የላትም። ደግሞስ መቶ አርባ ሺህ ባለአክሲዮን በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ማንን ሊጠይቅ ይችላል? የእቁብ ዳኛ ሳንቲም ቢያጎድል ማታ በር ላይ የሚያንኳኳ ጎረቤት አለው። የአክሲዮን ማኅበር ቦርድ ግን የማንን ማንኳኳት ይፈራል? እምነታችን የሚሠራው በምንተዋወቅበት መጠን ልክ ነው። ይህን ሳናስተውል የእቁብን እምነት ወደ አክሲዮን ይዘን ስለገባን ነው ብዙዎቻችን የተጎዳነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኅብረት ሥራ ነው። ወዮ ኅብረት ሥራ! ይህ ቃል በደርግ ዘመን ብዙ ተጎሳቁሏል። ገበሬው መሬቱንና በሬውን እያዋሃደ በአምራቾች ማኅበር እንዲገባ ተደረገ፤ የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው ያፈረሰው ኅብረትን ጠልቶ አይደለም፤ ደቦውንና ወንፈሉንማ መቼ ተወ? የጠላው ተገዶ መግባቱን ነው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። የሕጉ መንፈስ ጥሩ ነው፤ ምንም ያህል ዕጣ ቢገዛ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ይላል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚሁ ዘመን፣ በ1991 ዓ.ም.፣ በ34 ማኅበራት ተመሥርቶ የገበሬውን ቡና በቀጥታ ለዓለም ገበያ እስከ ማቅረብ ደርሷል። ይቻላል ማለት ነው። ነገር ግን በየወረዳው ያሉ ብዙ ማኅበራት ዛሬም ማዳበሪያና ዘይት ከማከፋፈል አላለፉም። አባሉም «የኛ» ከማለት ይልቅ «የመንግሥት» ሲላቸው ትሰማላችሁ። ባለቤቱ እንግዳ የሆነበት ቤት እንዴት ይቆማል?

ለኮን ሰው ግን የቡና ዩኒየን ሩቅ ነው። ቅርብ የሆነ ምሳሌ አጠገቡ፣ መቄት ላይ አለለት። እ.ኤ.አ. በ2003 መቋት ማርያም በተባለች ቦታ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ የመንደሩ ሰዎች የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች ከፈቱ። «ቴስፋ» በሚል ምህጻር የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ መነሻ ይህ ነው። ከዚያ ዋጀላና ሌሎችም ተከተሉ፤ በኋላም እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዘረጋ። ላሊበላን ያየ እንግዳ ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭነዋል፤ የሚያበስሉት፣ የሚያስተናግዱት፣ የሚጠብቁት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። መነሻው ገንዘብ ከግብረ ሠናይ ድርጅቶች የመጣ ዕርዳታ ነበር። ጎጆዎቹ ግን የማኅበረሰቡ ሆኑ። እንግዳ ማፈላለጉንና ቦታ ማስያዙን ደግሞ ሌላ አካል ሠራላቸው፤ ገበሬ ከመቄት ሆኖ ለንደን ያለ ሰው ሊጠራ አይችልምና። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ ንብረቱ ለመንደሩ፣ ገበያው ለገበያ አዋቂው።

ቀጥሎ ምን መጣ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ጋሸናም ብርቱ ውጊያ አስተናገደች። በ2015 ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። የላስታ ቱሪዝም ላይ የወረደው መከራ ይኸው ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እነዚያ ጎጆዎች በቬንቸር ካፒታል ተሠርተው ቢሆን ኖሮስ? ባለ ገንዘቡ በሁለተኛው ዓመት «ኪሳራ» ብሎ ይዘጋቸው ነበር። በባንክ ብድር ተሠርተው ቢሆንስ? እንግዳ በሌለበት ወለዱ እየቆጠረ የመንደሩን ሰው አንገት ያስደፋ ነበር። የማንም ዕዳ የሌለበት ጎጆ ግን ዘመን እስኪቃና ሊጠብቅ ይችላል። ቢፈርስ እንኳ መሬቱና ሙያው የሕዝቡ ነው። ታጋሽ ገንዘብ የምለው ይህን ነው። የዕርዳታ እንከን ደግሞ ሌላ ነው፤ ዕርዳታ በሰጪው ፈቃድ ይመጣል፣ በሰጪው ፈቃድ ይቆማል። ሁለተኛውን ጎጆ ለመሥራት ሁለተኛ ሰጪ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ሌላው ዓለም ይህን እንቆቅልሽ እንዴት ፈታው? ስፔን ውስጥ፣ በባስክ አገር፣ ሞንድራጎን የምትባል ከተማ አለች። ከእርስ በርስ ጦርነት የወጣች ድሃ ከተማ ነበረች። አንድ ቄስ፣ አባ ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪዬታ፣ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ተማሪዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ፋብሪካ አቋቋሙ። በ1959 ደግሞ የራሳቸውን የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ የአካባቢው ሰው የቆጠበው ገንዘብ ለአካባቢው ድርጅቶች ማቋቋሚያ ተመልሶ ዋለ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መዋጮ ይከፍላል፤ ባለቤትም ባለ አንድ ድምፅም ይሆናል። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት። መውደቅም አይቶ ያውቃል፤ የቤት ዕቃ አምራቹ ፋጎር እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሯል። ከሥራ ከወጡት ብዙዎቹን ግን ሌሎቹ እህት ማኅበራት ተቀበሏቸው። ልክ እንደ ቅሬያችን!

እንግዲህ ለኮን ወፍጮ ምን ይሁን ትላላችሁ? የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ለሒሳብ ያህል ወፍጮው አንድ ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። ሁለት መቶ ሰው አምስት አምስት ሺህ ብር ያዋጣ። ግማሹ ኮን የሚኖር፣ ግማሹ አዲስ አበባም ጅዳም ዋሽንግተንም ያለ የዋድላ ልጅ ይሁን። ገንዘቡ ብድር አይሁን፤ ርቢ ይሁን። ወፍጮው በየወሩ ከሚያስገባው ከመቶ አሥሩን ለአዋጪዎቹ ያካፍል። ክረምቱ ከፍቶ ማስፈጫው ሲቀንስ ክፍያውም ይቀንሳል። አዋጪዎቹ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሲደርሳቸው ርቢው ያበቃል፤ ወፍጮው ኮን ላይ ለተቋቋመው ማኅበር ንጹሕ ንብረት ሆኖ ይቀራል። ያ ከመቶ አሥር ከዚያ በኋላ ለቀጣዩ ሥራ፣ ለበሶ ማሸጊያው ወይም ለመጋዘኑ፣ ርቢ ሆኖ ይወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይህ ሐሳብ ጠላት አለው፤ ስርቆት ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ገንዘቡን ማን ይጠብቀዋል?» ትሉኛላችሁ። ትክክል። ስለዚህ አዋጪው ከሁለት መቶ፣ ከሦስት መቶ ሰው አይብለጥ፤ በአንድ ደጀ ሰላም ተሰብስቦ ፊት ለፊት ሊተያይ የሚችል ይሁን። ሒሳቡ በየወሩ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ጅዳ ላለውም በስልኩ ይድረሰው። የወረዳ ሹም የማኅበሩ ሊቀ መንበር አይሁን። ኦዲተሩም በዓመት አንዴ ከውጭ ይምጣ። ይህ ሁሉ ከባድ ነገር አይደለም፤ የእቁብ ዳኛና የቅሬ ጸሐፊ ይሠሩት የኖሩት ሥራ ነው።

መንግሥትም ድርሻ አለው። ለስታርትአፕ ድጋፍ ሲታሰብ ተሸጦ ለመበልጸግ የሚሮጠው ብቻ እንዲታሰብ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ የገቢ ድርሻ ውል በሕግ ፊት ጸንቶ እንዲታይ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያስፈጽመው፣ ለማኅበሩ ከሚከፈለው ግብርም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲቀልሉ ቢደረግ ብዙ ነገር ይለወጣል። በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ቢሆኑ የተወለዱበት ወረዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት፣ ትምህርት ቤት ለማሳደስ ሲጠሩ አሉ ብለው ያዋጣሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። የሚጠየቁት ግን ምንጊዜም ለመስጠት ነው። ተካፋይ ሆነው፣ ሒሳብ ጠይቀው፣ ገንዘባቸውን መልሰው ለሌላ እንዲያውሉት የጠራቸው አካል አላየሁም። ሰጪ ይደክማል፤ ተካፋይ ግን ይከታተላል።

ቬንቸር ካፒታል ይጥፋ አላልኩም። ዓለምን የሚያዳርስ ሶፍትዌር ለሚሠራ ልጅ ልኩ ያ ነው፤ ይሂድ፣ ያግኝ፣ ይሽጥ። የምቃወመው እሱን የሥራ ሁሉ መለኪያ ማድረጋችንን ነው። የኮንን ወፍጮ በዚያ ሚዛን ከመዘንነው ሁልጊዜ ቀላል ሆኖ ይታየናል፤ ልጆቹም ቀላል የተባለውን ትተው ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ በረሃ ይሄዳሉ። በጦርነት የተጎዳ አገር መልሶ የሚቆመው በዚህ ዓይነት ትንንሽና ነዋሪ ድርጅት ነው። ለእሱም የሚሆነው ገንዘብ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድሞ ከበር የማይወጣው ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለው ፒች ላይ ከዋድላ የመጣች ልጅ ብትቀርብና «መውጫሽ የት ነው?» ብትባል፣ «እኔ እዚያው ነኝ፤ እናንተ ግን በየወሩ ከመቶ አሥር ትቀበላላችሁ» ብትላቸው ደስ ይለኛል። ዳኞቹ ግራ ቢጋቡም ግድ የለም። አብሽር፣ ይለምዱታል።

ቸር እንሰንብት።